ከርነሉ ሲታደስ ማሽኑን የሚያቆም ሞጁል

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮችን እቆጣጠራለሁ። በሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ ፋይል ሲከፈት የምትጠራ አንዲት ስታቲክ ፈንክሽን (በተጻፈችበት ፋይል ውስጥ ብቻ የምትታወቅ) በኤፍትሬስ፣ ማለትም በከርነሉ የፈንክሽን ጥሪ መከታተያ፣ የሚከታተል ሞጁል (በከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ) ጽፌ ነበር። በኡቡንቱ 20.04 ላይ በደንብ ይሠራ ነበር። ወደ 22.04 ካሳደግሁ በኋላ ግን ሞጁሉን እንደ ጫንሁት ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኮዱን ልኬያለሁ፤ ችግሩ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ሁለት ነገሮች ተደርበውብዎታል።

የመጀመሪያው ማጣሪያው፣ ማለትም የትኛው ፈንክሽን እንደሚከታተል የሚወስነው ክፍል ነው። ፈንክሽኗን በስም ሲመርጡ የተመለሰውን ዋጋ አላዩትም። ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም) ስታቲክ ፈንክሽኖችን በጠሪዎቻቸው ውስጥ ሊያሟሟቸው ወይም ስማቸው ላይ ቅጥያ ሊጨምርባቸው ይችላል። ስሙ ካልተገኘ ማጣሪያው ስህተት መልሶ ባዶውን ይቀራል፤ በኤፍትሬስ ዘንድ ደግሞ ባዶ ማጣሪያ ሁሉንም ፈንክሽን ተከታተል ማለት ነው። ስሙ በአዲሱ ከርነል መኖሩን በትሬሲንግ ማውጫው ውስጥ «አቬይለብል ፊልተር ፈንክሽንስ» ከሚባለው ፋይል ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ኮልባክዎ (ክትትል ላይ ያለ ፈንክሽን ሲጠራ ኤፍትሬስ የሚያስሄደው የእርስዎ ፈንክሽን) ፕሪንትኬን፣ የከርነሉን መልእክት መጻፊያ፣ ይጠራል። ሁሉም ፈንክሽን ክትትል ላይ ሲሆን ፕሪንትኬ ኮልባክዎን ይቀሰቅሳል፣ ኮልባክዎም መልሶ ፕሪንትኬን፤ ስታኩ (ለጥሪዎች የተመደበው ማህደረ ትውስታ) እስኪያልቅ። 20.04 ይዞት የወጣው 5.4 ከርነል ይህን ዙር ራሱ ይቆርጥልዎት ነበር። በ2021 በወጣው 5.11 ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከዚህ ዙር ጥበቃ የሚፈልግ ፍላጉን (ጥበቃውን የሚያበራ ምልክት) ያስቀምጥ፣ አለዚያ በኮልባኩ ውስጥ ራሱ ይጠንቀቅ ተባለ። 22.04 ይዞት የወጣው 5.15ን ነው። በዚያው በ5.11 የኮልባኩ አራተኛ ፓራሜትር (የሚቀበለው መረጃ) ዓይነት ስለተቀየረ ኮምፓይለሩ አስገድዶ አሳርሞዎታል፤ ስለ ጥበቃው ግን ትንፍሽ አይልም።

ፈጣኑ መፍትሔ «ሪከርሽን» የሚለውን ፍላግ ማስቀመጥ ነው። እኔ ግን «ኤፍትሬስ ቴስት ሪከርሽን ትራይሎክ»ን፣ ኮልባኩ በራሱ ውስጥ እንደገና መጠራቱን ፈትሾ የሚቆልፈውን ፈንክሽን፣ በኮልባኩ መጀመሪያ ላይ እንዲጠሩ እመርጣለሁ። አሉታዊ ቁጥር ከመለሰ ምንም ሳይሠሩ ይውጡ። ከተሳካ በእያንዳንዱ መውጫ ላይ የተቆለፈውን መክፈት ግዴታ ነው። በእርስዎ ኮድ የፋይሉ ስም ባዶ ሲሆን መሃል ላይ የሚወጣ መስመር አለ። እዚያ መክፈቱ ከተረሳ የመቆለፊያው ምልክት በዚያ ፕሮሰስ (በሚሠራው ፕሮግራም) ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የፕሮሰሱ ጥሪዎች አይመዘገቡልዎትም። ማሽኑ አይቆምም፣ ስህተት አይታይም፣ መረጃው ብቻ ይጎድላል። ለእኔ ይህ ከመቆሙ የባሰ ነው፤ በጎደለ መረጃ ተመርኩዘው ውሳኔ ይሰጣሉና።

ኮልባኩን ራሱ እንዳይከታተል «ኖትሬስ» ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ ፕሪንትኬንም በኤፍትሬስ መዝገብ ላይ በሚጽፈው በትሬስ ፕሪንትኬ ይተኩት።

ሙከራውን ሰው በሚገለገልበት ሰርቨር ላይ ሳይሆን በቨርቹዋል ማሽን ያድርጉት። የኤፍትሬስ መዝገብ የሚቀመጠው በማሽኑ ራም ላይ ስለሆነ ማሽኑ ሲነሣ ይጠፋል። ስለዚህ የሲሪያል ኮንሶሉን (የከርነሉ መልእክቶች የሚወጡበትን መስመር) ወደ ፋይል ያዙሩት፤ ከርነሉ ሲሰናከል መዝገቡን እዚያ እንዲያወጣ «ኤፍትሬስ ደምፕ ኦን ኡፕስ» የሚለውንም የማስነሻ ትእዛዝ ይጨምሩ። ከዚያ የፈንክሽኗን ስም ሆን ብለው አሳስተው ይጫኑት፤ ማጣሪያው የመለሰውን ስህተት አሁን የሚያዩት ከሆነ ሞጁሉ አልጫንም ማለት አለበት። ዝም ብሎ ከተጫነ የመጀመሪያው ችግር ገና አልተፈታም።