አባቴ ያልጻፈው ዱቤ

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ 31 ዓመት ፋርማሲ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራ ከያዛችሁ ብዙም ያልቆያችሁ ልጆች ቤት ስትመጡ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «ደሞዙ ወር ሳይሞላ ያልቃል፤ ለሰው የሚሰጠው ከምኑ ላይ ተቀንሶ ነው?» ጥያቄያችሁ እውነት ነው። በቡና ላይ አፌ እንደመጣልኝ ከምመልስላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣል። የጅማ ዙሪያ ገበሬ ደህና ብር የሚያየው ቡናው ሲለቀም ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ክረምት ላይ እጅ ያጥራል። ያኔ ሱቁ በዱቤ ነው የሚውለው። አባቴ ጠርዙ የተበላ ደብተር ነበረው፤ በእርሳስ ይጽፋል፣ ሲከፈለው ይሰርዛል።

8ኛ ክፍል ሆኜ ሞተ። ሰልስቱ እንዳለፈ እናቴ ደብተሩን አምጥታ አስነበበችኝ። ያልተሰረዘው ጥቂት ነበር። በሳምንቱ ከሰቃ በኩል አንድ ገበሬ መጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ ብር ከደረት ኪሱ አውጥቶ እናቴ ፊት አስቀመጠ። ስሙን ደብተሩ ላይ ፈለግሁ። የለም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ደግሜ ፈለግሁ።

«አትድከሚ ልጄ» አለኝ። «ሚስቴ የወለደች ጊዜ ነው የሰጠኝ። ልከፍለው ስመጣ ‘አልጻፍኩትም’ ብሎ መለሰኝ። እሱ ባይጽፈውም እኔ መቼ ረሳሁት!»

ሰውዬው ሙስሊም ነው፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ቡና ይዞ። 12ኛን የጨረስኩት በእነዚያ ሰዎች ደብተርና ዩኒፎርም ነው።

መዝሙር 37 ላይ «ጎለመስሁ አረጀሁም፤ ጻድቅ ሲጣል፥ ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም» ይላል ዳዊት። በወጣትነቴ ይህ ቃል ያናድደኝ ነበር። የደግ ሰው ልጅ ሲራብማ አይቻለሁ፤ እኛም ተርበናል። ረጋ ብዬ ቀጣዩን ቁጥር ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ያ ጻድቅ ሁልጊዜ የሚራራና የሚያበድር ሰው ነው፣ በረከቱም ወደ ዘሩ ያልፋል። አባቴ ያበደረው ለእኛ ሲመለስ ስላየሁ ቃሉ አሁን ይገባኛል። ቤታችን ወድቋል፤ ሰው ግን አልጣለንም።

ደግሞ ቤርዜሊን አስቡት፣ ገለዓዳዊውን። ንጉሡ ዳዊት ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ፣ ዮርዳኖስን ተሻግሮ መሃናይም ደርሷል። ሕዝቡ ተርቧል፣ ደክሟል። ቤርዜሊ 80 ዓመቱ ነው። ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ምንጣፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ፣ በግ ይዞ መጣ። ከሁለቱ አንዱ ማኪር ነው፤ ሽባውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ቤቱ ያኖረ ሰው። ማኪር ሲሰበክ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። ዳዊት በኋላ «ኢየሩሳሌም ና፣ እኔ እጦርሃለሁ» ሲለው ቤርዜሊ እምቢ አለ። አርጅቻለሁ፣ የምበላውን እንኳ አላጣጥምም ብሎ በእሱ ፈንታ ከመዓም የሚባለውን ሰው ላከ። ዳዊት ሊሞት ሲል ሰሎሞንን ምን አለው? የቤርዜሊ ልጆች ከማዕድህ ይብሉ።

ልብ በሉ፣ ቤርዜሊ አስልቶ አልሰጠም። የሰጠው ዙፋኑን ጥሎ ለሸሸ፣ ይመለስ አይመለስ ለማይታወቅ ሰው ነው። «ስጡ፣ እጥፍ ይመለስላችኋል» የሚለውን ስብከት የማልወደው ለዚህ ነው። እሱ ንግድ ነው።

ከምኑ ላይ ይቀነሳል ላላችሁት የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ እንደጀመርኩ አንዲት እናት ለልጇ የታዘዘ አንቲባዮቲክ ይዛ መጣች። ብሯ አልደረሰም። «ግማሹን ስጪኝ» አለች። ኪኒኑን በመቀስ ቆርጬ ሰጠኋት። ግማሽ አንቲባዮቲክ በሽታውን ላያድን እንደሚችል፣ የተረፈው ጀርምም መድኃኒቱን ሊለምድ እንደሚችል ተምሬ ነው የተቀጠርኩት። የጎደላት ብር የሁለት ቀን ምሳዬ ነበር። ልጁ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። የመቀሱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲያ የጎደለውን ከቻልኩ ሞላሁ። ባልችል የሥራ ባልደረቦቼን አስቸገርኩ። ወረፋ በያዘ ሰው ፊት «አይበቃም» ማለትም ተውኩ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ሙሉውን ይውሰዱ» እላለሁ። እናንተም ስትሰጡ እንዲህ ስጡ፣ የሰውየው ፊት እንዳይጠቁር። ከደሞዛችሁ ላይ ገና ከእጃችሁ ሳይገባ ትንሽ ለዩ። ብዙ እስኪኖራችሁ አትጠብቁ፤ እኔ ጠብቄ አይቼዋለሁ፣ አይመጣም።

የአባቴ ደብተር ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ልጄ የመጀመሪያ ደሞዟን የተቀበለች ዕለት አወጣሁላት። ቀስ እያለች ገለጠችው። እርሳሱ ደብዝዟል።

«የሰቃው ሰውዬ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።