ጥቁር ባሩድ የተኮሰ ጠመንጃ መጀመሪያ የሚጠማው ውሃ ነው

ሰላም ወንድሜ። «በአፈሙዝ የሚጎረሰውን ባለ 50 ካሊበር ሃውከን ጠመንጃዬን ቅዳሜ ሃያ ጊዜ ያህል ተኩሼ፣ ማታውኑ በጠመንጃ ዘይት ወልውዬ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ጨርቅ ስሰድበት ቡናማ ሆኖ ወጣ። ዘይቱን ልቀይር?» ብለሃል። ዘይቱ ምንም አልበደለም፤ ያለ ተራው ገብቶ ነው።

እኛ አባቶቻችን ምንሽር በዘይት ሲወለውሉ እያየን ነው ያደግነው። ጠመንጃ ውሃ ነካው ከተባለ ጉድ ፈላ! የምንሽር ባሩድ ግን ጭስ አልባ ነው። ጥቁር ባሩድ 75 በመቶ ገደማ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ በላዩ ጠጣር ሆኖ ይቀራል፤ ከፊሉ በጭስ ይወጣል፣ ከፊሉ ባረሉ ውስጥ ይለጠፋል። ያ የተለጠፈው ጥቀርሻ ቢመስልም አብዛኛው ጨው ነው። ከአየር እርጥበት ይጠጣና ብረቱን ይበላል። ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። ስትቀባው ጨውን ከሥር አፍነህ አስቀመጥከው ማለት ነው፤ ዘይቱም ከዝቃጩ ጋር ተዋህዶ እንደ ሬንጅ ይጠነክራል። የጎረስከው ፓይሮዴክስ የሚባለው የጥቁር ባሩድ ምትክ ከሆነ ደግሞ ፐርክሎሬት ስላለበት የሚተወው ክሎራይድ የገበታ ጨው ዘመድ ነው፤ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

እኔ ይህን የተማርኩት በለቅሶ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የኖቬምበር መጀመሪያው የአፈሙዝ ጎራሽ የአጋዘን አደን ሁለት ሳምንት ነው (ሥጋው ከነቢያት ጾም በፊት ስለሚደርስ እኔ የምወደው ይህንኑ ነው)። ከጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ቅዳሜ ማታ ስመለስ የመርዶ ስልክ ተደወለልኝ። ጠመንጃውን ጋራዥ ትቼ ሄድኩ፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት ዋልኩ። ስመለስ የባረሉ ውስጥ የቀረፋ ቀለም ይዞ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ በተኮስኩበት ምሽት ሳላጥበው እራት አልበላም።

አሁን የማደርገውን ልንገርህ። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ካፑን (መዶሻው ሲመታው ብልጭታ የሚሰጠውን ትንሽ ቆብ) ማንሳት ብቻውን ባዶ አያደርገውም፤ ባሩዱና እርሳሱ ታች ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ባዶ በነበረበት ቀን መወልወያ ዘንጉ ላይ አፈሙዙ ጋ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አስገብቼ ምልክቱ ከፍ ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ከዚያ ባረሉን ከእንጨቱ ጋር የያዘችውን ሽብልቅ አውጥቼ ባረሉን አነሣለሁ። ካፕ የሚቀመጥባትን ኒፕል በመፍቻዋ ፈትቼ ባረሉን በቂጡ ባልዲ ውስጥ አቆማለሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያለበት። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ነው የሚያፈሰው፤ ቶሎ ይደርቃል ይላሉ፤ እኔ ሞክሬው ገና እያደረቅኩት ስስ ብርቱካናማ ዝገት ስለሚያበቅልብኝ ትቼዋለሁ። በዘንጉ ጫፍ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርገህ ወደ ላይ ወደ ታች ስትል እንደ መርፌ ሲሪንጅ ውሃውን በኒፕሏ ቀዳዳ ይስባል፣ ይተፋል። የመጀመሪያው ውሃ ቀለም ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ እንዳትደነግጥ፣ ድኙ ነው። ሁለት ሦስቴ ቀይረው። ለጨርቅ ያረጀ ነጠላን የሚያህል የለም፣ ንጹሕ ጥጥ ነው (ባለቤትህ ግን ስትቆጣህ እኔን አትጥራ)።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ቦታ አለ። በእነዚህ ሃውከኖች ባሩዱ የሚያርፍበት የታችኛው ክፍል ከባረሉ ይጠብባል፤ የ50ው ጨርቅ አይደርስበትም። ባለ ትንሽ ካሊበር ብሩሽ በጨርቅ ጠቅልለህ እዚያ ድረስ ማዞር አለብህ። «ካፑ ጮኸ፣ ጠመንጃው ግን ዝም አለ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ጉድጓድ የሚመጣ ነው።

ማድረቁን አትቸኩልበት። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ፣ ከዚያ አልኮል የነካ አንድ ጨርቅ፣ ከዚያ በጸጉር ማድረቂያ ባረሉን ሞቅ ማድረግ። ዘይቱ ተራው አሁን ነው፣ ስስ አድርገህ። ኒፕሏን ከመመለስህ በፊት ጥርሷን ግራሶ አስነካው። መዶሻውንና አካባቢውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ ብልጭታ የነካው ሁሉ ጨው አለበት። በማግስቱ ነጭ ጨርቅ ስደድ፣ በሳምንቱም ድገም። ስታስቀምጠው አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው፤ ዘይቱ ወደዚያ ጠባብ ጉድጓድ እንዳይወርድ።

ይህ ሁሉ ለጥቁር ባሩድና በውሃ ለሚታጠቡት ዘመዶቹ ነው። ብላክሆርን 209 የሚባለው ምትክ ባሩድ ከሆነ የምትተኩሰው ውሃ አይፈታውም፤ ለእሱ የሚሆን ማጽጃ ፈሳሽ ነው የሚያስፈልግህ።

አሁን ላለብህ ዝገት፦ ባረሉን መጀመሪያ እንደነገርኩህ እጠበው፣ አድርቀው። ከዚያ ባለ አራት ዜሮ (እጅግ ደቃቁን) የብረት ሱፍ በአሮጌ ብሩሽ ላይ ጠቅልለህ በዘይት አርሰህ ቀስ ብለህ አመላልሰው። ጨርቁ ያለ እንቅፋት ከተንሸራተተ ድነሃል። እዚህም እዚያም ከያዘው ጉድጓድ አበጅቷል ማለት ነው፤ ቢሆንም አትጣለው። የእኔው ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ጠባሳው አለ፤ በየሦስት ተኩሱ አንድ እርጥብ ጨርቅ ስሰድበት በ75 ያርድ ላይ ዛሬም ያው ነው።