ዝርዝሩ በደንብ ይወሰናል

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቡና እየጠጣሁ ሁለት ተማሪዎች ስለ ፓርላማ ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው «እጅ ከማውጣት ሌላ ምን ሥራ አላቸው?» ሲል ጓደኛው ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። 26 ዓመት የአንድ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። እነዚያን እጆች ስቆጥር የኖርኩት እኔ ነኝ።

ምክር ቤት መታለፉ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ የጡረታ ዕድሜን ከ62 ወደ 64 ከፍ ስታደርግ ብሔራዊ ምክር ቤቷ በሕጉ ላይ የመጨረሻ ድምፅ አልሰጠም። መንግሥት ሕግን ያለ ምክር ቤቱ ድምፅ ለማሳለፍ የሚያስችለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49.3 መዘዘ። መንግሥቱን ለመጣል የቀረበው ሐሳብም 9 ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። አሜሪካ ውስጥ ጦርነት የሚያውጀው ኮንግረሱ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጀው ግን እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የቬትናምን ጦርነትስ ማን አወጀው?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ድምፅ የሌለው መንገድ ነው። ለሥራው አዲስ ሳለሁ ረቂቅ አዋጅ ላይ «ዝርዝሩ በደንብ ይወሰናል» የሚል ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር። በደንብ፣ ማለትም ተጠንቅቀው የሚወስኑት መስሎኝ! አንድ አንጋፋ የሕግ ባለሙያ ናቸው ሳቃቸውን እየዋጡ ያስረዱኝ። ደንብ የሚያወጣው አስፈፃሚው ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የሚኒስትሮች ምክር ቤት። ከሥሩ ደግሞ የመሥሪያ ቤቶች መመሪያ አለ። ምክር ቤቱ አዋጁን ያጸድቃል። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ፈቃድ ማን እንደሚነጠቅ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ሌላ ቢሮ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የበጀት ሰነድ ጠዋት ታደለ። ወረቀቱ ከፎቶ ኮፒው ገና መውጣቱ ነው፣ ይሞቅ ነበር። ከምሳ በፊት ጸደቀ። አንዲት አባል ሰነዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ይሄ ቁጥር ከፊተኛው ጋር አይገጥምም እኮ» አሉ። ሰብሳቢው «በጽሑፍ ያቅርቡ» ብለው አለፉ። ሴትዮዋ እጃቸውን ከሌሎቹ ጋር አወጡ። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄያቸውን አልመዘገብኩም። ማንም አልከለከለኝም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ያቺ ያልጻፍኳት መስመር ዛሬም ትከነክነኛለች።

በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ እንዲጠይቅ ሥልጣን ይሰጣል። አዋጅ 1183/2012 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ መመሪያቸውን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ያዛል። ወረቀቱ አለ ማለት ነው። አንባቢ ሲጠፋ ግን ተመራጩም አያነብም። ማን ይጠይቀኛል ብሎ?

ስለዚህ እጅ በማውጣታቸው ከመሳቃችሁ በፊት ምን እንዳጸደቁ አንብቡ። የወረዳችሁን ተመራጭ ስታገኙም «እንዴት ናችሁ»ን በአጭሩ ጨርሳችሁ የአንቀጽ ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ዋርካ ሥር አልጠፋም። ረቂቅ ያገኘ ይዞ ይምጣ። ከመጨረሻው ገጽ ነው የምንጀምረው፤ «በደንብ ይወሰናል» የምትለዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትደበቀው እዚያ ነው።