ከመጠይቁ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቁሚ

ሰላም እህቴ። ሐኪሞች ካንሰር ከያዛቸው ሕጻናትና ከወላጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ለማስተርስሽ ልታጠኚ ነው፤ መጠይቅ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሻል። የእኔም መመረቂያ በዚሁ ጉዳይ ነበር። ሰባት ወር አንድ የሕጻናት ካንሰር ክፍል ተመላልሻለሁ።

መጠይቁ አይበቃሽም። እኔም በእሱ ነበር የጀመርኩት። «ሐኪሙ በደንብ አስረድተውዎታል?» ስል ሁሉም «አዎ፣ እግዜር ይስጣቸው» ይሉኛል። ልጁ በሐኪሙ እጅ ያለ ወላጅ ሌላ ምን ይበል?

ትቼው ከጎን ቁጭ ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ወላጁ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ምን አሉዎት?» ከገጠር የመጡ አንድ አባት ከዓይኔ አይጠፉም። ሐኪሟ «ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር ነው፤ ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጃል» ብላ ረጋ ብላ ነግራቸዋለች። አማርኛ ስለማይችሉ ያስተረጎመላቸው የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው፤ እኔንም ያነጋገረልኝ እሱው ነው። አባትየው የቀጠሮ ካርዱን አራት ቦታ አጥፈው ደረት ኪሳቸው እየከተቱ «ደሟ አንሷል፤ መርፌ ይሰጧታል» አሉ። ካንሰሩም ሁለት ዓመቱም መንገድ ላይ ቀርተዋል። አስተርጓሚው በኋላ «እንዲህ ያለ መርዶ በእኔ አፍ አይወጣም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ አንጀቱ አልችል ብሎ ነው። ግን ሁለት ዓመት መባሉን ያልሰማ አባት፣ ልጁ በሦስተኛው ወር ስትፈነድቅ ቢያይ ድና ነው ብሎ ይዟት አገሩ አይገባም? እንደኛ ባለ አገር ብዙ ሕጻናትን የሚያሳጣን አንዱ ነገር ይኸው ሕክምና ማቋረጥ ነው። ስለዚህ ማን እንደሚያስተረጉም፣ ምን እንደሚቀር በደንብ መዝግቢ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ወላጆች በጥናቱ ለመሳተፍ የሚፈርሙት የፈቃድ ቅጼ ርዕስ ላይ «ካንሰር» የሚል ቃል ነበረበት። የሥነ ምግባር ኮሚቴው አጽድቆታል፤ ማናችንም ልብ አላልነውም። ለአንዲት እናት አልጋው አጠገብ ቆሜ አነበብኩላት። የአሥር ዓመት ልጇ ብርቱካን እየላጠ ነበር። እጁ ቀጥ አለ። ልጣጩ ተንጠልጥሎ ቀረ። እናቱ ለካ «ቲቢ ነው» ብላው ኖሯል። ሮጬ ሐኪሙን ጠራሁ፤ መጥቶ ከሁለቱም ጋር ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንቺ መጀመሪያ ነርሷን «ልጁ ምን ያውቃል? ቤተሰቡ በሽታውን ምን ብሎ ነው የሚጠራው?» በያት። ቅጹንም ወላጁን ለብቻ ወስደሽ አንብቢ።

ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «ድሮም አውቄ ነበር። እማዬ እንዳታለቅስ ነው ዝም ያልኩት።» በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሉኪሚያ የያዛቸውን ሕጻናት ያጠናች አንትሮፖሎጂስትም ይህንኑ ነው ያየችው። ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ፤ ለወላጆቻቸው ብለው ግን እንዳላወቀ ይሆናሉ።

«ስለ ሞት ማውራት ቤተሰብ ይጎዳል» የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን የስዊድን ጥናት አሳዪው። ልጃቸውን በካንሰር ካጡት ወላጆች ውስጥ 147ቱ ከልጃቸው ጋር ስለ ሞት አውርተው ነበር፤ አንድም የተጸጸተ የለም። ካላወሩት 258 ውስጥ ግን 69ኙ ምነው ባወራን ብለዋል።

ሐኪሙ ልጁን ራሱን ስንቴ እንዳናገረም ቁጠሪ። የእኔ ደብተር ላይ አብዛኛው «አፍህን ክፈት» እና «የቱ ጋ ያምሃል?» ነው።

ያስተካከልኩትን ቅጽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።