ትን ካለው ወዲህ ሳሉ ያልተወው ልጅ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ቤቴ ቸኮሌት አቅልጬ፣ ቴምር፣ ዘቢብና የተቆላ ኦቾሎኒ ጨምሬ ትራፍል የሚባለውን ድብልብል ቸኮሌት እሠራለሁ። ለዒድና ለልደት ሰው ያዘኛል። ከዘጠኝ ቀን በፊት የ2 ዓመት ከ4 ወር ልጄ አንዱን ከሳህን አንስቶ እየሮጠ ጎረሰው። ትን አለው። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ብዙ ሳለ። እናቴ ውሃ አጠጣችውና ተወው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ይስላል። ማታ ሲተኛ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እናቴ «ሆዱ ገብቷል፣ በሰገራው ይወጣል» ትላለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ቸኮሌት ደረት ያፍናል፣ አስም ያመጣል» አሉኝ። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሰጠሁት፤ አሁን ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ነን። የሳል ሽሮፕም ጨምሬለታለሁ። እውነት ቸኮሌት አስም ያመጣል? መሥራቴንስ ላቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ ቸኮሌት አስም አያመጣም። ሥራዎንም አያቁሙ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን የሚያስጨንቅዎ ቸኮሌቱ አልመሰለኝም። ልጅዎ ደህና ነበር፣ ትን አለው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሉ አልተወውም። ይህን ቅደም ተከተል የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። «ውስጡ ቀርቶ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ይዞዎት፣ አፍ አውጥተው ለመጠየቅ የከበደዎት ይመስለኛል። እኔም የምፈራው እሱኑ ነው።

ስለዚህ ልጁን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ነገ አይበሉ። የቀረውን መንገድ ላይ ያነቡታል።

አብሽሩ። የሁለት ዓመት ልጅ ሳህን ላይ ያየውን ያነሳል፤ ያነሳውን ይዞ ይሮጣል። የርስዎ ግዴለሽነት አይደለም። ልጁ የሚበላ፣ የሚጫወትና ሳይቸገር የሚተነፍስ ከሆነ ለመድረስ ጊዜ አለዎት። ዘጠኝ ቀን የቆየም ቢሆን ይወጣል፤ ወጥቶላቸው ድነው የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው።

የሆነው ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርዎ። በዚህ ዕድሜ የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ገና ሞልተው አልወጡም። ልጁ ኦቾሎኒውን በፊት ጥርሱ ለሁለት ይሰብረዋል እንጂ አድቅቆ አይፈጨውም። አፉ ሞልቶ ሲሮጥ ወይም ሲስቅ በኃይል አየር ይስባል። ያኔ ፍሬው በምግብ መውረጃው መሄዱ ቀርቶ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። መጀመሪያ ሳሉ ያጣድፈዋል። ከዚያ ፍሬው ወረድ ብሎ ከሁለቱ የሳንባ ቧንቧዎች በአንዱ ይቀመጥና ሳሉ ጋብ ይላል። ቤተሰብን የሚያታልለው ይህ እፎይታ ነው። «ውሃ ጠጣና ተወው» የተባለውም ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፍሬው ግን እንደ ተነከረ ባቄላ እርጥበት እየሳበ ያብጣል። የኦቾሎኒ ዘይት ደግሞ ቧንቧውን ያስቆጣዋል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ አየር በጠበበ ቦታ ሲያልፍ የሚሰማ ነው።

አሁን «በሰገራው ይወጣል» ወደሚለው ልምጣ። ይህን አባባል በደሴም በኮምቦልቻም እሰማዋለሁ፤ ልጆች ሲያስረፍድ አይቻለሁና ዝም ብዬ አላልፈውም። ጉሮሯችን ውስጥ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወደ ጨጓራ፣ ሌላው ወደ ሳንባ ይወስዳል። ወደ ጨጓራ የወረደ የኦቾሎኒ ፍሬ እውነትም በሰገራ ይወጣል፤ ልጁንም አያስለውም። ወደ ሳንባ የገባ ነገር ግን ወደ አንጀት የሚያሻግረው መንገድ የለም። የሳንባ ቧንቧ እየጠበበ፣ እየተከፋፈለ ሄዶ የሚያልቅ ነው፤ ማዶ የሚወጣበት በር የለውም። የገባው ነገር የሚወጣው በገባበት ብቻ ነው። ውሃ አያወርደውም፣ ወተት አያሟሟውም፣ ትልቅ የእንጀራ ጉርሻም አይገፋውም፤ እነዚህ ሁሉ የሚሄዱት በሌላኛው መንገድ ነው። እናትዎ ሰገራውን ማየታቸው ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ያልተፈጨ ፍሬ እንኳ ቢያዩ ግን ልቤን አያሳርፈኝም። ልጁ ከአንድ በላይ በልቶ አንዱ ሆዱ፣ ግማሹ ሳንባው ገብቶ ሊሆን ይችላል። አያቱ ሰገራ ሲጠብቁ፣ እናቱ ሽሮፕ ስትቀይር ሳምንታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ልጁ በአንድ ጎኑ በኩል በተደጋጋሚ የሳንባ ምች እየያዘው ይመጣል። እባክዎ፣ ይህን አንቀጽ ለእናትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ስለ መድኃኒቱ ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሁለተኛ ጠርሙስ! ማን መርምሮት ነው? አሞክሲሲሊን ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ኦቾሎኒ አያወጣም። የሚያደርገው ትኩሳቱን ለጥቂት ቀን ደበቅ አድርጎ እርስዎን ማዘናጋት፣ እኔንም ማሳሳት ነው። የሳል ሽሮፑን ያቁሙ። ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይመከርም። ሳሉ ደግሞ አሁን የልጅዎ ጠባቂ ነው፤ ለምን ያስተኙታል? ጎረቤት የአስም መንፊያ ቢያውስዎም አይቀበሉ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ መድኃኒት ሲገዙ አንድ ቀን ካርድ ቢያወጡ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልዎም ነበር። ተቆጣሁ። ቁጣዬ ግን ከጭንቀት ነው።

ልጁ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ የጎን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ድምፁ ከጠፋ ወይም ፈዞ ከተዝለፈለፈ ተራ አይጠብቁ። ያገኙት መኪና ላይ ይዘውት ይሂዱ፤ በር ላይ «ልጄ መተንፈስ አቃተው» ይበሉ።

ሐኪም ቤት ራጅ ሊያነሱት ይችላሉ። ይህን ልብ ይበሉ፤ ኦቾሎኒ ራጅ ላይ አይታይም። ሳንቲም ይታያል፣ ኦቾሎኒ አይታይም። ስለዚህ «ራጁ ንጹሕ ነው» ማለት «ምንም የለም» ማለት አይደለም። ትን ብሎት እንደነበር መናገርዎ ከራጁ ይበልጣል። ጥርጣሬው ካለ መፍትሔው ብሮንኮስኮፒ ነው። ልጁ በማደንዘዣ ይተኛል፣ በአፉ በኩል ቀጭን መሣሪያ ይገባል፣ ሐኪሙ እያየ ፍሬውን ይዞ ያወጣዋል። ደረት አይቀደድም። ምናልባት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ይልኩዎት ይሆናል። ሪፈር ሲጻፍልዎ አይደንግጡ፤ «ቤት ቆይቼ ልየው» ብለውም አይመለሱ።

ወደፊት ልጅ ትን ቢለው ምን ያድርጉ? በደንብ እየሳለ ከሆነ ይተዉት፣ ይሳል። ውሃ አይስጡት። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣትዎን አይክተቱ፤ ይባስ ወደ ውስጥ ይገፉታል። ድምፅ ማውጣትም መሳልም ካቃተው ግን ወደ ፊት አጎንብሰው በመዳፍዎ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣ፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ከኋላው ሆነው ቡጢዎን ከእምብርቱ ከፍ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይግፉ። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ ሆዱን አይንኩ፤ በጀርባው አስተኝተው የደረቱን መሃል በአንድ እጅዎ መዳፍ ግርጌ 5 ጊዜ ይጫኑ። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቁ ይቀጥሉ፤ አጠገብዎ ያለ ሰው እርዳታ ይጥራ።

ቸኮሌትዎን ይሥሩ እንጂ! ኦቾሎኒውን ግን ጨርሶ እስኪደቅ ይፍጩት። ቴምሩን ፍሬውን አውጥተው ይለንቅጡት፣ ዘቢቡንም በደቃቁ ይክተፉት። ለትንንሽ ልጆች ክብ አያድርጉት፤ ድብልብሉ ቅርጽ ራሱ ጉሮሮ ይዘጋል። ጠፍጠፍ አድርገው በቀጭኑ ይቁረጡት። ደሴ ላይ ብርዱ ራሱ ያደርቀዋል፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ግን ይለሰልስና ልጆች ሙሉውን ይጎርሱታል፤ ከፍሪጅ አያውጡት። ሻጋታ የነካውን ወይም የመረረውን ኦቾሎኒ ይጣሉት፤ ሻጋታው የሚተወው ጉበት የሚጎዳ መርዝ በመቁላት አይጠፋም። የሚያዝዎትን ሰው ቤቱ ከ5 ዓመት በታች ልጅ እንዳለ ይጠይቁት። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ መኖሩንም እንዲሁ።

አሁን ይነሱ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ «ልጄ ይስላል» ብለው አይጀምሩ፤ እንደዚያ ካሉ ሌላ ሽሮፕ ተጽፎልዎ ሊመለሱ ይችላሉ። «ኦቾሎኒ ሲበላ ትን ብሎት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው» ይበሉ። የሰጡትን መድኃኒት ጠርሙሱን ይያዙ። ለመጨረሻ ጊዜ በስንት ሰዓት እንደበላም ያስታውሱ፤ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይጠይቅዎታል።