ከምክር ቤት ወደ ችሎት የተመለሰው ጠበቃ፦ ለወጣት የሕግ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ጥብቅናን ወደ ፖለቲካ መሸጋገሪያ አድርጋችሁ እንደምታስቡ እሰማለሁ። ሕዝብ ማገልገል መፈለጋችሁ ደስ ይለኛል። ሆኖም አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የነበረውን ዘመን ብታጠኑ እወዳለሁ።

ሊንከን የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። መጻሕፍት እየተዋሰ አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በ1846 ከኢሊኖይ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመርጦ፣ በ1847 መጨረሻ መቀመጫውን ያዘ። ወቅቱ አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር የምትዋጋበት ነበር። ፕሬዚዳንት ፖልክ ጦርነቱን ያስጀመረው «የአሜሪካውያን ደም በገዛ ምድራችን ፈሰሰ» በሚል ምክንያት ነው። አዲሱ እንደራሴ እንደ መስቀለኛ ጥያቄ ያለ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ቀረበ። ደሙ የፈሰሰው በትክክል የት ላይ ነው? መሬቱስ የማን ነበር? ነዋሪዎቹ ለእኛ መንግሥት ግብር ከፍለው፣ በምርጫችን ድምፅ ሰጥተው ያውቃሉ? ምክር ቤቱ ሐሳቡን ሳያጸድቀው ቀረ፤ ተቃዋሚዎቹ የቅጽል ስም አወጡለት፤ የጥብቅና ሸሪኩ ዊልያም ሄርንደን እንኳ አልተስማማም። እኔ ግን ይህን ጥያቄ ከብዙ ንግግሮቹ አስበልጬ አየዋለሁ። ማስረጃ መጠየቅ ልማዱ የሆነ ሰው ያቀረበው ነውና።

መቀመጫውን የፓርቲው ሰዎች በየተራ ይይዙት ስለነበር ዳግም አልተወዳደረም። የፈለገውን የፌዴራል መሬት መሥሪያ ቤት ሹመት ሌላ ሰው ወሰደው፤ የኦሪገንን ግዛት አስተዳዳሪነት ቢያቀርቡለት አልተቀበለም። በ1849 ወደ ስፕሪንግፊልድ ቢሮው ተመለሰ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ችሎት ለማስቻል በየወረዳው የሚዞረውን ዳኛ ተከትሎ እየዞረ ተሟገተ። አርባ ዓመት ሞልቶት ሳለ የጥንቱን ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የኤውክሊድን ስድስት የጂኦሜትሪ መጻሕፍት አጠና። ለወጣት ጠበቆች ባዘጋጀው ማስታወሻ ላይ ባለጉዳዮችን ከክስ ይልቅ ወደ ስምምነት ምከሩ፤ ሙሉ ክፍያችሁንም አስቀድማችሁ አትቀበሉ ይላል። ገንዘቡ ቀድሞ ከገባ ለጉዳዩ ያላችሁ ትጋት ይቀንሳል ባይ ነው። እኔም በሥራ ዘመኔ ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ክፍያውን አስቀድሞ የጨረሰ ጠበቃ ቀጠሮ ማስለወጥ ያበዛል።

በ1854 የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዲስፋፋ በር ሲከፍት ወደ ፖለቲካው ተመለሰ። ያን ዓመት በጥቅምት በፒዮሪያ ከተማ ያደረገው ንግግር በሰሜን ምዕራብ ግዛት ባርነትን ከከለከለው የ1787 ድንጋጌ ጀምሮ የሕጉን ታሪክ እየጠቀሰ የሚሄድ ክርክር ነው። ፈልጋችሁ አንብቡት። እርሳስ ያዙና እያንዳንዱ ሰነድ የትኛውን ነጥብ ለማስረዳት እንደገባ በኅዳጉ ላይ ጻፉ።