ቁጣው ሁሉ ሕመም ሲባልበት

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) አለበት። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስዳል፤ ሥራውንም በደንብ ይሠራል። ቤት ውስጥ ግን ትንሽ ከተቆጣ «መድኃኒትህን ወስደሃል?» ይባላል። በቀደም ሆዱን አሞት ሊታከም ቢሄድ፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሲሰሙ «ጭንቀት ነው» ብለው መለሱት። ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ድርሽ አልልም ብሏል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከሆዱ እንጀምር። አሁንም የሚያመው ከሆነ ዛሬውኑ ይታይ። ባይፖላር የሚታከምባቸው መድኃኒቶች ራሳቸው ሆድ ሊያሳምሙ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ ቫልፕሮዬት አልፎ አልፎ የቆሽት ብግነት ያመጣል፤ ምልክቱ ከላይኛው ሆድ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ብርቱ ሕመምና ማስመለስ ነው። ሌላው መድኃኒት ሊቲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ደግሞ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያንገዳግዳል። ለማስታገሻ ተብሎ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከተጨመረበት የሊቲየሙ መጠን ይበልጥ ሊያሻቅብ ይችላል። እንግዲህ የመድኃኒቱ ስም ሲሰማ ምርመራው መጥበቅ ነበረበት። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ በአብዛኛው የሚገድሏቸውም ሊታከሙ የሚችሉ አካላዊ በሽታዎች ናቸው። «ጭንቀት ነው» ተብሎ መመለስ አንዱ ምክንያት ነው።

ሲሄድ አብረውት ይሂዱ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የት እንደሚያመው፣ ምን እንደሚያባብሰው በግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን ከሥር ይቀመጥ። መድኃኒቱን መደበቅ አደገኛ ነው፤ ግን ንግግሩ ከሆዱ ይጀምር። ሐኪሙ ወደ እርስዎ ዞሮ ቢጠይቅ «እሱ ይንገርዎት» ይበሉ። አሁንም ጭንቀት ነው ከተባለ በትሕትና «ሌላ ሕመም እንዳልሆነ በምን ታወቀ? ካርዱ ላይ ይጻፉልን» ማለት ይቻላል። ይጻፍ ሲባል ምርመራው ሊታዘዝ ይችላል።

የቤቱ ነገር ጊዜ ይፈልጋል። ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ሲነጋገሩበት የሚበርድ ቁጣ የማንም ሰው ቁጣ ነው። ሕመሙ እየተመለሰ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እንቅልፉ ቀድሞ ይናገራል፦ ሌሊቱን ሦስት አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ አይደክመውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘብ ይበትናል። ደህና በሆነበት ሰዓት የራሱን ምልክቶች እሱ ራሱ ይምረጥ፤ ምልክቶቹ ሲታዩ ለብቻው የሚነግረውንም አንድ ሰው ይሰይም። ሌላው ቤተሰብ ስለ መድኃኒት መጠየቁን ይተው። መጀመሪያ ያስቆጣው ነገር ይሰማ፤ እውነቱን ሊሆን ይችላልና።

ጥያቄ፦ የድብርት ሕክምና ጀምሬያለሁ። ለአለቃዬ ልንገረው?

መልስ፦ አንዴ የተነገረ አይመለስምና አይቸኩሉ። የሚያስፈልግዎት ለቀጠሮ ፈቃድ ብቻ ከሆነ «የሕክምና ክትትል አለኝ» ማለት ይበቃል። የሥራ ሰዓት መቀየር ካስፈለገዎት ግን የሚጠይቁትን ነገር አስቀድመው ለይተው ይግቡ፤ «ለአንድ ወር ከሌሊት ተረኝነት ልውጣ» እንደማለት። የሕመሙን ስም መጥራት አለመጥራት የእርስዎ ምርጫ ነው።